የጥር ጉባኤዎችና የባሌ ደጋ ጥምቀት

በዓለም ዙሪያ ልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ስለ አንድነታቸው በጋራ የሚጸልዩበት ሳምንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 18 እስከ 25 የሚውል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በአብዛኞቹ ዓመታት ከጥር 10 እስከ ጥር 17 ያለው ጊዜ ነው። ሳምንቱን እ.ኤ.አ. በ1908 ያስጀመሩት አሜሪካዊው ካህን ፖል ዋትሰን ቀኖቹን የመረጡት በምዕራቡ የቤተ ክርስቲያን ቀመር መነሻው ላይ የሐዋርያው ጴጥሮስ መንበር፣ መድረሻው ላይ ደግሞ የሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ክርስትና መመለስ ይታሰብ ስለ ነበር እንጂ፣ የመጀመሪያው ዕለት በኢትዮጵያ ከተራ መሆኑን አስበው አልነበረም። ያም ሆኖ መገጣጠሙ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጉም አለው፤ ስለ አንድነት መጸለይ የሚጀመርበት ዕለት ታቦታት ወደ ውኃ የሚወርዱበት ዕለት ሲሆን፣ አብያተ ክርስቲያናትን ዛሬም ድረስ ከሚያለያዩ ጉዳዮች አንዱና ለምእመናን ኑሮ እጅግ የሚቀርበው በዚያው ውኃ የሚፈጸመው ምሥጢር ነውና።

ይህ እውነት ጎልቶ ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ የባሌ ደጋ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው የሳነቴ አምባ ግርጌ በተቀመጠችው በጎባና ከእርሷ ከ15 ኪሎ ሜትር በማትርቀው በሮቤ፣ ከተራ ሲደርስ የጥር ብርድ አጥንት የሚሰብርበት ወቅት ቢሆንም፣ ምእመናን ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን ተከናንበው ታቦታቱን አጅበው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። በዚያ መንገድ ዳር ከሚቆመው ሕዝብ ውስጥ ሙስሊም ጎረቤት አለ፣ በሌላ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ካቶሊክ አለ፣ በሕፃንነት የሚፈጸም ጥምቀትን እንደ ጥምቀት የማይቆጥር የወንጌላውያን አማኝም አለ። ሁሉም በዓሉን ያውቁታል፤ ክርስቲያኖቹም ሁሉ የክርስቶስን በዮርዳኖስ መጠመቅ ያምናሉ። ነገር ግን ከእነርሱ አንዱ ነገ የአንዱን ቤተ ክርስቲያን በር ትቶ ወደ ሌላው ቢገባ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጥምቀትህን እንቀበለዋለን ወይስ እንደገና ትጠመቃለህ?» የሚለው ይሆናል።

ሁለቱ ከተሞችና አብያተ ክርስቲያናታቸው

ጎባ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ባሌ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ የጦር ሰፈርና የአስተዳደር መቀመጫ ሆና ያደገች፣ ለረጅም ጊዜም የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች ናት። ሮቤ ደግሞ በሰፊው የስንዴና የገብስ ሜዳ መካከል በንግድ የደረጀችና በኋላ የዞኑ መቀመጫ የሆነች፣ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም የሚገኝባት ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ከነበረው የያኔው ባሌ ዞን ከመቶው 82 ያህሉ ሙስሊም፣ 17 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ፣ 1 ያህሉ ደግሞ ፕሮቴስታንት ነበር። ካቶሊኮች ከዚህም ያነሱ ናቸው። በከተሞቹ የክርስቲያኑ ድርሻ ከገጠሩ የሚበልጥ ቢሆንም፣ በአጠቃላይ ሲታይ የባሌ ክርስቲያን በቁጥር አናሳ ሆኖ፣ በእስልምና ታሪክ ውስጥ እንደ ድሬ ሼኽ ሁሴን ያሉ የታወቁ ቅዱሳን ሥፍራዎች ባሉበት ምድር የሚኖር ነው። የአብያተ ክርስቲያናት መለያየት በእንዲህ ያለ ቦታ የሚታየው መልክ ክርስቲያኖች ብዙኃን በሆኑበት ቦታ ከሚታየው ይለያል፤ አናሳ ሆኖ መከፋፈል ዋጋው ስለሚበዛ።

ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ጥቂት የሆኑት ካቶሊኮች በ2004 ዓ.ም. የራሳቸው መዋቅር ተተከለላቸው። በየካቲት 3 ቀን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2012፣ ሊቀ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ ከመቂ ሐዋርያዊ ቪካሪየት ግዛት ከፍለው የሮቤን ሐዋርያዊ ፕሪፌክቸር አቋቋሙ፤ ጣልያናዊው የካፑቺን ማኅበር ካህን አባ አንጀሎ አንቶሊኒም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ሐዋርያዊ ፕሪፌክቸር ማለት ምእመናኑና ካህናቱ ገና ጥቂት በመሆናቸው ሙሉ ሀገረ ስብከት ያልሆነ፣ በሮማው ሊቀ ጳጳሳት ስም የሚተዳደር የጅማሮ መዋቅር ሲሆን፣ ሲጠነክር ወደ ቪካሪየት፣ ከዚያም ወደ ሀገረ ስብከት ሊያድግ ይችላል። በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት፣ በእምድብርና በባሕር ዳር-ደሴ ያሉት ካቶሊካውያን አህጉረ ስብከት የግእዙን ሥርዓት፣ ማለትም በቅዳሴው ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጋር በእጅጉ የሚቀራረበውን ሥርዓት ሲከተሉ፣ የሮቤው መዋቅር እንደ ሌሎቹ የደቡብና የምዕራብ ግዛቶች የላቲኑን ሥርዓት ይከተላል። ስለዚህ በሮቤ የሚኖር ኦርቶዶክሳዊ ወደ ካቶሊክ ጎረቤቱ ቤተ ክርስቲያን ቢገባ ከበሮና ጸናጽል፣ ማሕሌትና የግእዝ ዜማ አያገኝም፤ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በእምነት ከሚለያዩት ይልቅ በሥርዓት የሚለያዩት በዓይን ጎልቶ ይታየዋል።

ሦስት ጉባኤዎች በጥር

የሮቤው መዋቅር ከመታወጁ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ፣ በዚያው በ2004 ዓ.ም. ጥር ወር የጥምቀት በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና በጥንታውያን የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የነገረ መለኮት ውይይት የጋራ ኮሚሽን 9ኛ ስብሰባውን በአዲስ አበባ አድርጎ ነበር። «ጥንታውያን የምሥራቅ ኦርቶዶክስ» የሚባሉት እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ያልተቀበሉት የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የኢትዮጵያ፣ የሕንድና በኋላም የኤርትራ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ከግሪክና ከሩሲያ ኦርቶዶክሶች የሚለዩትም በዚህ ነው። ኮሚሽኑ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 በካይሮ ሲሆን፣ የጳጳሳትና የነገረ መለኮት ሊቃውንት ጉባኤ እንጂ ምእመናን የሚሰበሰቡበት መድረክ አይደለም።

የጥር ወርና የአንድነት ጉባኤ ግን በኢትዮጵያ ከዚያ አስቀድሞ ተዋውቀዋል። ከጥር 7 እስከ 13 ቀን 1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጠሪነት የጥንታውያን የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቄርሎስ 6ኛ፣ የአንጾኪያው ፓትርያርክ ያዕቆብ 3ኛ፣ የአርመኑ ካቶሊኮስ ቫዝገን ቀዳማዊ፣ የኪልቅያው ካቶሊኮስ ኮሬን ቀዳማዊና የሕንዱ ካቶሊኮስ ባሴልዮስ አውጌን ቀዳማዊ የተገኙ ሲሆን፣ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን በመወከል ያን ጊዜ የሐረርጌ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት፣ በኋላም ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ቴዎፍሎስ ተሳትፈዋል። በእምነት አንድ ሆነው ሳለ ለዘመናት ተራርቀው የኖሩት አብያተ ክርስቲያናት በጋራ የሚሠሩበት ቋሚ ኮሚቴ እንዲኖራቸው ወሰኑ፤ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር ስለሚኖራቸው ግንኙነትም መከሩ። ከዚህ ጉባኤ ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ክርስቲያኖች አንድነት የሚናገረውን ድንጋጌውን አጽድቆ ስለ ነበር፣ 1957 ዓ.ም. ከሁለቱም ወገን በር የተከፈተበት ዓመት ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የጥር ጉባኤ በ1963 ዓ.ም. ሆነ። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት፣ ማለትም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ሲመሠረት ጀምሮ አባል የሆነችበት ትልቁ የአንድነት ንቅናቄ ማኅበር፣ የማዕከላዊ ኮሚቴውን ስብሰባ ከጥር 2 እስከ 13 በአዲስ አበባ አካሄደ። እርሱ እንዳበቃ፣ በጥር 14 እና 15፣ የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበሉትና ያልተቀበሉት ኦርቶዶክሶች ሊቃውንት አራተኛውን ኢመደበኛ ምክክራቸውን እዚያው አደረጉ። የተነጋገሩበት ጉዳይም እርስ በርስ የተወጋገዙባቸው ውግዘቶች የሚነሡበት መንገድና በአንዱ ወገን እንደ መናፍቅ የሚቆጠሩ፣ በሌላው ግን ቅዱሳን ተብለው የሚከበሩ አባቶች ጉዳይ ነበር።

የማዕከላዊ ኮሚቴው ስብሰባ ለባሌ የቀረበ ሌላ ውሳኔም ነበረው። ምክር ቤቱ ከሌሎች ሃይማኖት ተከታዮች ጋር የሚደረግ ውይይት የራሱ ሥራ እንዲሆን መመሪያ ያጸደቀው በዚሁ በአዲስ አበባ ስብሰባ ነው፤ የሊባኖሱ ሊቀ ጳጳስ ጆርጅ ኮድር የእግዚአብሔር መንፈስ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ባሉ ሕዝቦች መካከልም እንደሚሠራ ያስረዱበት፣ በኋላ በዓለም የታወቀው ንግግራቸውም የተደረገው በዚሁ ነው። በባሌ በዋቆ ጉቱ መሪነት በመሬት፣ በግብርና በአስተዳደር በደል የተነሣው፣ የሃይማኖት ቅሬታም ያልተለየው አመፅ የተጠናቀቀው ይህ ስብሰባ ከመደረጉ ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ አስቀድሞ በ1962 ዓ.ም. ነበር። ሃይማኖት ከመሬትና ከሥልጣን ጋር ተጣብቆ የሚያመጣውን መዘዝ የባሌ ሰው በአካሉ ያወቀው በዚያ ዘመን ነው።

የተፈታው ቋጠሮ

እነዚህ ጉባኤዎች ያፈሩትን ፍሬ ለመመዘን የመለያየቱን ሥር ማስታወስ ያስፈልጋል። በኬልቄዶን ጉባኤ የተነሣው ጥያቄ ክርስቶስ አምላክ ነው ወይስ ሰው የሚል አልነበረም፤ ሁለቱም ወገኖች ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው መሆኑን ያምናሉ። ጥያቄው መለኮቱና ትስብእቱ፣ ማለትም አምላክነቱና ሰውነቱ፣ ከተዋሐዱ በኋላ «ሁለት ባሕርያት» ተብለው ይጠሩ ወይስ «አንድ ባሕርይ» የሚል ነበር። የእስክንድርያውን ሊቅ የቅዱስ ቄርሎስን ትምህርት አጥብቀው የያዙት አብያተ ክርስቲያናት ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየት የሆነውን አንድነት «ተዋሕዶ» ብለው ሰየሙት፤ ቃሉም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጠሪያ ሆነ።

በኢትዮጵያ ይህ ክርክር መጽሐፍ ላይ ብቻ አልቀረም። አፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኢየሱሳውያንን ትምህርት ተቀብለው ካቶሊክነትን የመንግሥት ሃይማኖት ለማድረግ ሲሞክሩ የተነሣው ደም መፋሰስ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀው እስኪወርዱ ድረስ አልቆመም። በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን በቦሩ ሜዳ የተደረገው ጉባኤ ደግሞ በኦርቶዶክሱ ውስጥ የነበሩትን የቅባትና የጸጋ ልዩነቶች በንጉሥ ሥልጣን ዘጋቸው፤ የወሎ ሙስሊሞችም በግድ እንዲጠመቁ ታዘዙ። በእነዚህ ሁለት ታሪኮች «አንድነት» የተባለው በአዋጅ የመጣ ስለ ነበር፣ ዛሬም ብዙ ኢትዮጵያዊ ስለ አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ሲወራ በጥርጣሬ ጆሮውን ቢያቀና ምክንያት የለውም አይባልም።

የ20ኛው መቶ ዘመን ውይይት ከዚያ የሚለየው ማንም ማንንም ሳያስገድድ በመደረጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በቪየና የተሰበሰቡ የካቶሊክና የጥንታውያን ኦርቶዶክስ ሊቃውንት በሥጋዌ ምሥጢር ላይ በልዩ ልዩ ቃላት አንድ እምነት እንደሚመሰክሩ ተስማሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ ይህን በጋራ መግለጫ አጸኑት። በሁለቱ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች መካከልም እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 ተመሳሳይ ስምምነቶች ወጡ። የኢትዮጵያ ፓትርያርኮችም ይህን መንገድ ሄደውበታል፤ አቡነ ጳውሎስ በ1985 ዓ.ም.፣ አቡነ ማትያስ ደግሞ በየካቲት 2008 ዓ.ም. ሮም ሄደው ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪዎች ጋር ተገናኝተዋል፤ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2006 ከዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ፕሬዚዳንቶች አንዱ ሆነው ተመርጠውም ነበር። እንግዲህ ለ1,500 ዓመታት ክርስቲያኖችን ያወጋገዘው ትልቁ የቃል ቋጠሮ በሊቃውንት ደረጃ በአብዛኛው ተፈትቷል።

ያልተፈታው ቋጠሮ

በሮቤ የሚኖር ቤተሰብ ግን ስለ ባሕርይና አካል ክርክር ገጥሞ አያውቅም፤ የሚገጥመው የጥምቀት፣ የጋብቻና የመቃብር ጉዳይ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ በዚያው ዕለት ቅብዐ ሜሮን ተቀብታ ትቆርባለች፤ አንገቷ ላይ የሚታሰረው ማተብም እድሜ ልኳን የማንነቷ ምልክት ይሆናል። በላቲኑ ሥርዓት ካቶሊክ ሕፃኑ ሲጠመቅ ቁርባንና ሜሮን ግን ነፍስ እስኪያውቅ ይቆዩለታል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሉተራን ልማድ ስላላት ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ የቃለ ሕይወትና የሙሉ ወንጌል አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ሰው አምኖ በራሱ አንደበት ካልመሰከረ በቀር ጥምቀት የለም ብለው ያስተምራሉ፤ ስለዚህ በሕፃንነቱ የተጠመቀ ሰው ወደ እነርሱ ሲመጣ በእነርሱ ዓይን የሚጠመቀው ዳግመኛ ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት የአንድነታቸውን መሠረት ሲቆጥር ጥምቀትን ከጌታና ከሃይማኖት ጋር አንድ ላይ አስቀምጦታል፤ እ.ኤ.አ. በ381 የተሟላው ጸሎተ ሃይማኖትም የኃጢአት ማስተሠረያ የሚሆነውን ጥምቀት አንድ ብቻ አድርጎ ያውጃል። ሆኖም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክሱን ጥምቀት ስትቀበል፣ ከኦርቶዶክሱ ወገን ግን ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣን ሰው ብዙ ጊዜ እንደገና ማጥመቅ የተለመደ ነው። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት የእምነትና ሥርዓት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1982 በሊማ ባወጣው ሰነድ የጥምቀትን መደገም የሚያስቀር የጋራ እውቅና እንዲኖር ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 ሊቀ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ታዋድሮስ 2ኛ በካይሮ በፈረሙት መግለጫ ላይ የታየው የቃል ለውጥ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል፤ በመጀመሪያ ጥምቀት እንደማይደገም ሊታወጅ የነበረው፣ እንዳይደገም በቅንነት እንጥራለን ወደሚል አባባል ለዘበ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ከጥምቀት ጋር ባልተያያዘ ጉዳይ፣ ሮም ስለ ቡራኬ ባወጣችው ሰነድ ምክንያት፣ ከካቶሊክ ጋር የሚያደርገውን የነገረ መለኮት ውይይት አቋረጠ። በክርስቶስ ባሕርይ ላይ የተስማሙ ሰዎች በአንድ ገንዳ ውኃ ላይ መስማማት ከበዳቸው።

የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቃል ስምምነት በሊቃውንት መካከል የሚፈጸም ሲሆን ማንም ምእመን አይጎዳበትም፤ ጥምቀት ግን የአባልነት በር በመሆኑ፣ የሌላውን ጥምቀት መቀበል ማለት የሌላውን ክህነትና የሌላውን ቤተ ክርስቲያንነት መቀበል ማለት ይሆናል። በሁለት ሃይማኖት ቤተሰብ መካከል ጋብቻ ሲታሰብ ሙሽራዋ ወይም ሙሽራው እንደገና እንዲጠመቅ መጠየቁ ለአንደኛው ቤተሰብ «እስከ ዛሬ ክርስቲያን አልነበራችሁም» የማለት ያህል የሚሰማውም ለዚህ ነው።

ያለ ጉባኤ የተገኘ አንድነት

በሌላ በኩል የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ዓለም ገና የሚያልመውን አንድ ነገር ያለ ብዙ ወሬ አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በ2025 የኒቅያ ጉባኤ 1,700ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ትልቁ ምኞት ምሥራቅና ምዕራብ ትንሣኤን ሁልጊዜ በአንድ ቀን እንዲያከብሩ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሁለቱ ቀመሮች በሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ላይ መገጣጠማቸውም ብዙ ተባለለት። በኢትዮጵያ ግን ካቶሊኩም፣ መካነ ኢየሱሱም፣ ቃለ ሕይወቱም፣ ኦርቶዶክሱም ፋሲካን በአንድ እሑድ፣ ገናን በአንድ ቀን ሲያከብሩ ኖረዋል። ከውጭ የመጡት ሚሲዮኖች የሀገሩን አቆጣጠር ተቀበሉ እንጂ የራሳቸውን አላስገቡም። በአውሮፓ የቀን አቆጣጠርን ለማስታረቅ ኮሚሽን ሲቋቋም፣ በጎባ ገበያ የፋሲካ ዶሮ ዋጋ ለሁሉም ክርስቲያን በአንድ ቅዳሜ ይወደዳል።

በመዋቅር የተዋሐዱም አሉ። በጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በብሔራዊ ቤተ ክርስቲያንነት የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ የፕሬስቢቴሪያን ልማድ ካላት ከቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ ሆናለች፤ ሉተራንና ካልቪናዊ የሚባሉ፣ በአውሮፓ ለአራት መቶ ዓመታት የተለያዩ ልማዶች በኢትዮጵያ በአንድ ስም ሥር ገቡ። አንድነቱ ግን ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ አይደለም፤ ይህችው ቤተ ክርስቲያን በ2005 ዓ.ም. በጋብቻ ትምህርት ልዩነት ምክንያት ከስዊድንና ከአሜሪካ ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ጋር የነበራትን ኅብረት አቋርጣለች።

መከራም ያቀራረባቸው ጊዜ አለ። በ1977ቱ ረሀብ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር እህል በጋራ አሠራር አከፋፍለዋል፤ በኋላም ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተጨምራ ሦስቱ አብረው ሠርተዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1957ቱ ጉባኤ ኢትዮጵያን የወከሉት አቡነ ቴዎፍሎስና በአብያተ ክርስቲያናት ትብብር ምሥረታ ግንባር ቀደም የነበሩት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአንድ ክረምት፣ በ1971 ዓ.ም.፣ በደርግ ተገድለዋል። የሁለቱም መቃብር ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ አፅማቸው የወጣው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ገዳዮቻቸው የጥምቀታቸውን ዓይነት አልጠየቁም።

ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ድንኳን

በባሌ ደጋ የሰርግ ድግስ ሲሰናዳ፣ እንደ ሌላውም የሀገሪቱ ክፍል፣ ለሙስሊም እንግዶች በሙስሊም እጅ የታረደ በግ ወይም ሰንጋ ለብቻው በተለየ ዕቃ ይሠራላቸዋል፤ ሙስሊሙ ሲደግስም ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ልማድ ልዩነቱን አይክድም፤ ሥጋው ይለያል፣ ቢላዋው ይለያል፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ልማዱን ማንም ጉባኤ አልወሰነውም፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር መኖር ስላለበት ብቻ የተደረሰበት ጥበብ ነው። ከሃይማኖት ሃይማኖት ሲኬድ እንኳ እንዲህ ያለ ጨዋነት ከተገኘ፣ በክርስቲያንና በክርስቲያን መካከል የጠፋው ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በክርስቲያኖች መካከል ያለው ችግር ጎልቶ የሚታየው በቀብር ነው። እድር፣ ማለትም ጎረቤቶች ለልቅሶ ጊዜ በወርኃዊ መዋጮ የሚያቋቁሙት መረዳጃ፣ ብዙ ጊዜ ሃይማኖት ሳይለይ ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ያመጣል፣ ንፍሮና ቡና ያቀርባል፤ ሬሳ ሲወጣም ሁሉም ይከተላል። መንገዱ የሚለያየው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ሲደርስ ነው። ፍትሐት የሚደረግለትና በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚቀበረው የራስ ምእመን ብቻ በመሆኑ፣ በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የወንጌላውያንና የካቶሊክ ምእመናን መካነ መቃብር ጉዳይ ለማዘጋጃ ቤቶች አቤቱታ ሆኖ ኖሯል። በሕይወት ዘመናቸው በአንድ እድር የነበሩ ሰዎች በሞት ይለያያሉ፤ አጥሩም ከጥምቀቱ ጥያቄ የመጣ ነው።

ስለዚህ በባሌ የአብያተ ክርስቲያናት አንድነት የሚለካው በአዲስ አበባ ወይም በቪየና በሚፈረም ቀመር ሳይሆን፣ በሮቤና በጎባ ያሉ ቤተ ክህነትና የአጥቢያ መሪዎች በሦስት ቀላል ጉዳዮች ላይ በሚደርሱበት ስምምነት ነው፤ በሥላሴ ስምና በውኃ የተፈጸመ ጥምቀትን ማስረጃውን አይቶ ዋጋ መስጠት፣ የሁለት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ሲጋቡ ቤተሰብን የማያዋርድ አሠራር ማበጀት፣ ማንም ክርስቲያን ሞቶ ሬሳው በር ላይ የማይመለስበትን የመቃብር ቦታ በጋራ መጠየቅ። ከሦስቱ የመጀመሪያው የሲኖዶስ ውሳኔ ስለሚፈልግ ሩቅ ነው፤ ሁለተኛው የካህናትና የሽማግሌዎች ቅንነት ከተገኘ ይቻላል፤ ሦስተኛው ግን ነገ ሊጀመር ይችላል፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው የነገረ መለኮት ስምምነት ሳይሆን አንድ የጋራ ማመልከቻ ነውና።

ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ በጥር ወር የተደረጉት ታላላቅ ጉባኤዎች ሥራቸውን ሠርተዋል፤ አባቶች በክርስቶስ ማንነት ላይ በልዩ ልዩ ቃል አንድ እምነት እንዳላቸው ወደ ማረጋገጥ ያደረሰውን መንገድ ከፍተዋል። የቀረው ሥራ የአጥቢያ ነው፤ የአጥቢያ ሥራ ደግሞ የሚጀምረው ከውኃው ሳይሆን ከመቃብሩ መሆኑን የባሌ እድሮች አስቀድመው አሳይተዋል።